ቆጣሪውን ሳናነብ የሰጠነው ፍርድ



ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ጉዳይ ከአንዲት ቅጠል ወረቀት የተነሣ ነው። ወረቀቷ የመብራት ሒሳብ መጠየቂያ ናት። በሰው አገር፣ በብርድ ወራት፣ በበራችን ላይ ባለችው የደብዳቤ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ቤታችንን ለሁለት ከፍላው ነበር። ገንዘቡ በመጨረሻ ተስተካክሏል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ እስኪስተካከል ድረስ እኛ የሠራነው ስሕተት ከቆጣሪው ስሕተት የከፋ ሆኖ ስላገኘነው፣ ሌላው ቤተሰብ ይማርበት ዘንድ እንዳለ ጻፍነው።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ተወልደን ያደግነው ደሴ ነው። ጧት ጧት ቁርኣን ቤት፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ተምረን ሁለታችንም መምህራን ሆንን። እ.ኤ.አ. በ2021 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር መጥተን በበርሚንግሃም ከተማ ኑሮ ጀመርን። አንዳችን ስንማር ሌላችን በአንድ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት እንሠራለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአካባቢውን የሐበሻ ልጆች ቁርኣን እናስቀራለን። በወቅቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችን። ልጃችን “አጎቴ” የምትለው፣ የአንዳችን ታናሽ ወንድም የሆነ የ19 ዓመት ወጣትም ኮሌጅ እየተማረ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር።

በሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ ላይ ቤት ቀየርን። አዲሱ ቤት አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሲሆን አከራዩ ለሁለት ከፍሎ ያከራየዋል። ከላይ እኛ ገባን፤ ከታች ከብዙ ዘመን በፊት ከጃማይካ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እኛ በቤታችን “እማማ” እንላቸዋለን። የገባን ዕለት ለልጃችን ከረሜላ ይዘው ወጥተው “እንኳን ደህና መጣችሁ” ያሉን የመጀመሪያዋ ሰው እርሳቸው ነበሩ። የሁለቱም ቤቶች የመብራት ቆጣሪ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። በአንዱ ላይ “ላይኛው”፣ በሌላው ላይ “ታችኛው” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እኛም ወረቀቱን አምነን ተቀመጥን።

ወረቀቷ

የዚያን ክረምት ነገር በአውሮፓ የነበረ ሁሉ አይረሳውም። ቀድሞውንም መናር የጀመረው የጋዝ ዋጋ በ2022 ሩስያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ጣራ ነካ፤ መብራትም አብሮ ተወደደ። በ2021 መጨረሻ በእንግሊዝ አገር 21 ፔንስ ገደማ የነበረው አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት፣ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ ካለ በኋላ እንኳ 34 ፔንስ ገደማ ሆነ። ከዚህም ሌላ መንግሥት ከኦክቶበር እስከ ማርች ባሉት ስድስት ወራት በየወሩ 66 ወይም 67 ፓውንድ፣ በድምሩ 400 ፓውንድ ለየቤቱ ይደጉም ነበር።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2023 ዐርብ ነበር። ከጁሙዓ ስንመለስ ደብዳቤው ከበሩ ሥር ወድቆ አገኘነው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባሉት 92 ቀናት 2,500 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅማችኋል ይላል። ሒሳቡ ከቋሚ ክፍያው ጋር 892 ፓውንድ ከ32 ፔንስ፤ የመንግሥት ድጎማ 199 ፓውንድ ሲቀነስ ቀሪው 693 ፓውንድ ከ32 ፔንስ። ወረቀቱን ተቀባብለን ደጋግመን አነበብነው። ቤታችን የሚሞቀው በጋዝ ነው፤ መብራት የምንፈልገው ለአምፖል፣ ለፍሪጅ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለምድጃና ለሻይ ውሃ ማፍያ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ምን በላው?

ወደ ኩባንያው ስልክ ደወልን። ሙዚቃ እየሰማን ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ አንዲት ልጅ አነጋገረችን። ትሑት ናት፤ አልተቆጣችም። የቆጣሪው ቁጥርና በእኛ ስም የተመዘገበው ቁጥር አንድ መሆኑን፣ አኃዙም በግምት ሳይሆን ተነብቦ የተጻፈ መሆኑን አረጋገጠችልን። በመጨረሻም፣ “ምናልባት ከቤታችሁ ውስጥ እናንተ ሳታውቁ ብዙ የሚጠቀም ሰው ይኖር ይሆናል” አለችን። ስልኩን ዘጋን። ያች ንግግር ግን አብራ አልተዘጋችም።

ጣት የጠቆምንበት ወጣት

የእኛ ወንድም ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ያመሻል። ከትምህርቱ ሲተርፈው ይጫወትበታል፤ ሌሊት ለውሃ ስንነሣ ከበሩ ሥር ብርሃን እናያለን። አንድ ጊዜም ምድጃውን ሳያጠፋ ወጥቶ ያውቃል። ታዲያ ያን ዕለት ማታ፣ ዒሻ ከተሰገደ በኋላ፣ እራት ላይ ወረቀቱን ከፊቱ አስቀመጥንለት። “ይህን የምንከፍለው ከየት አምጥተን ነው? እኛ በሌሊት ወፍ አልተነሣንም፤ ያንተ ክፍል ነው ሲበራ የሚያድረው” አልነው። ሌላም ሌላም አልነው። ስለ አመጣጡ፣ ስለ ውለታችን፣ ሊነሣ የማይገባውን ሁሉ አነሣን። ልጃችን እየሰማች ነበር። እርሱ አንገቱን ደፍቶ “እሺ” ብቻ አለ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ከክፍሉ ብርሃን ጠፋ። እኛም “ተግሣጹ ሠራ” ብለን ረካን። ጃንዋሪ 10 ቀን “ፈተና ስላለብኝ ከጓደኛዬ ጋር ላጥና” ብሎ ልብሱን በቦርሳ ይዞ ሄደ። ፈተናው እውነት መሆኑን እናውቅ ነበር፤ የሄደው በፈተናው ምክንያት ብቻ አለመሆኑንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን አልከለከልነውም።

በዚያው ሰሞን የምናውቃቸው ሰዎች የሰጡን ምክርም ይወሳ። አንዱ፣ “የባዕድ አገር ኩባንያ አይደል? ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፤ ቤት ስትቀይሩ ይረሱታል” አለን። ሌላው ደግሞ፣ “ቀድሞ የወጣው ተከራይ ዕዳ ነው በሉ፤ ማን ያጣራል?” አለ። ቀድሞ የወጣውን ተከራይ አናውቀውም። በማናውቀው ሰው ላይ ይህን መናገር ውሸት መሆኑን ለመረዳት ዓሊም መሆን አያስፈልግም። ሁለቱንም ምክር አልተቀበልንም። በዚህም እንደ ታላቅ ጽድቅ ቆጥረንለት በራሳችን ሳንኮራ አልቀረንም። በማናውቀው ተከራይ ላይ ያልደፈርነውን በገዛ ወንድማችን ላይ መፈጸማችንን ገና አላየንም።

ቀይዋ ብልጭታ

ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ በየማታው ከመግሪብ በኋላ ቆጣሪውን እያነበብን በደብተር እንጽፍ ነበር። የመምህር ልማድ ሆኖ መስመር አስምረን፣ ቀኑን በአንድ ወገን፣ አኃዙን በሌላ ወገን አደረግን። ዐላማችን ወንድማችን ከሄደ በኋላ ምን ያህል እንደቀነሰ ማየት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ትክክል እንደነበርን በቁጥር ማረጋገጥ ፈልገን ነው።

ከመሄዱ በፊት በቀን 28 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥር ነበር። ከሄደ በኋላ በመጀመሪያው ቀን 28 ሆነ፤ በሁለተኛው 29፤ በሦስተኛው እንደገና 28። እርሱ የለም፤ እኛም ሁላችን በአንድ ክፍል ተሰብስበን፣ አንድ አምፖል አብርተን ነበር የምናመሸው። ቆጣሪው ግን ፍንክች አላለም።

ያን ጊዜ አስቀድመን ልንሠራው የሚገባውን ሒሳብ ተቀምጠን ሠራን። እንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ሲጫወቱበት 200 ዋት ያህል ይወስዳል። አምስት ሰዓት ቢሠራ 1,000 ዋት ሰዓት፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዋጋውም 34 ፔንስ። በ92 ቀናት ውስጥ አንድም ሌሊት ሳያርፍ አምስት አምስት ሰዓት ቢጫወት 92 ኪሎዋት ሰዓት፣ በገንዘብ 31 ፓውንድ ግድም ይሆናል። 892 ፓውንድ በተጻፈበት ወረቀት ላይ የከሰስነው በ31 ፓውንዱ ነበር። ይህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው። ለሰው ልጅ ለዓመታት አስተምረነዋል። በተናደድን ማታ ግን አንዳችንም እርሳስ አላነሣንም።

በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን ቅዳሜ፣ አንድ ነገር እንሞክር ተባባልን። በላይኛው ቤት ያለውን ዋናውን ማብሪያና ማጥፊያ ዝቅ አደረግነው። ቤቱ ጨለመ፤ ፍሪጁም ዝም አለ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዘን ከደረጃው ሥር ገባን። በዘመናዊ ቆጣሪ ላይ መብራት ባለፈ ቁጥር ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። በእነዚህ ሁለት ቆጣሪዎች ላይ በተጻፈው መሠረት 1,000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቤታችን ጨልሞ ሳለ “ላይኛው” የተባለው ቆጣሪ መብራት መቆም ነበረበት። አልቆመም። ልጃችን ሰዓት ይዛ ስትቆጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ 33 ጊዜ ብልጭ አለ። በሰዓት ወደ 2,000 ብልጭታ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ሳይቋረጥ ሲሠራ የሚወስደው ልክ ነው። “ታችኛው” የተባለው ቆጣሪ ደግሞ ጭራሹኑ ሞቶ ነበር።

አንዳችን ወደ ላይ ወጥተን ዋናውን መልሰን አበራንና የሻይ ውሃ ማፍያውን ጣድን። ማፍያው 3,000 ዋት ነው። ወዲያው “ታችኛው” ቆጣሪ በደቂቃ ከ50 ጊዜ በላይ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። ማፍያውን ስናጠፋ ረጋ አለ። ልጃችን ከታች ሆና፣ “ተገላብጧል! የእኛ እዚያ ነው፣ የእዚያ እዚህ ነው!” ብላ ጮኸች።

እውነትም ነበር። ቤቱ ለሁለት ሲከፈል የሁለቱ ቆጣሪዎች መስመር ተቀያይሮ ኖሯል። እማማ የሚያቃጥሉትን እኛ፣ እኛ የምናቃጥለውን እማማ እንከፍል ነበር።

ዐውፍ

የመጀመሪያው ስሜታችን ደስታ ነበር። ሁለተኛው ግን ወዲያው ተከተለ። ያን ዕለት መግሪብን ሰግደን ሦስታችንም ወንድማችን ወዳረፈበት ቤት ሄድን። ጓደኛው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተቀምጦ ያጠናል። ደብተሩን ዘርግተን ቁጥሩን አሳየነው። ስለ ብልጭታውም፣ ስለ 31 ፓውንዱም ነገርነው። “ሳንጠይቅህ ፈረድንብህ፤ ዐውፍ በለን” አልነው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ “ያን ማታ ኮምፒውተሩ ይህን ያህል እንደማይበላ ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር። ግን ተቆጥታችሁ ስለነበር የምትሰሙኝ አልመሰለኝም” አለ። ልጃችን ይህን ጊዜ ጣልቃ ገብታ፣ “አጎቴ እኮ ከዚያ በኋላ በስልኩ መብራት ነበር የሚያጠናው፤ ስልኩንም ትምህርት ቤት ነው ቻርጅ የሚያደርገው። እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው” አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ከ693 ፓውንዱ ይልቅ ይህች ንግግር ከበደችን። ገንዘብ ቢሆን ቆጥረን እንመልስለት ነበር። በገዛ ቤቱ በጨለማ የተቀመጠባቸውን ሌሊቶች ግን በምን እንመልስ? ሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ የምታዝዝ መሆኗን ገና በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ሳለን ሰምተናል፤ ለሌሎች ልጆችም አስተምረናል። በጎረቤት ላይና በጀመዓ ውስጥ እንጂ ከገዛ ማዕዳችን ዙሪያ የምትሠራ አልመሰለንም ነበር ማለት ነው። ወንድማችን “ዐውፍ ብያችኋለሁ” አለን፤ አላህ ይስጠው። ሆኖም ያን ዕለት አብሮን አልተመለሰም። እኛም አልጎተጎትነውም። ይቅር ማለት የቸኮለን እኛን ሊጠቅም ይችላል፤ የተጎዳው ሰው ግን የራሱ ጊዜ አለው።

የታችኛዋ ጎረቤታችን

ወደ ቤት ስንመለስ ሌላው ጥያቄ ጠበቀን። ያ ሁሉ መብራት የእኛ ካልሆነ የእማማ ነው። እኛ ለኩባንያው ጽፈን ሐቃችንን ስናስመልስ ዕዳው የሚያርፈው በጡረታ በሚኖሩ አሮጊት ላይ ነው። አንዳችን፣ “ሐቃችን ሐቃችን ነው፤ እንጻፍ። የእርሳቸውን ጉዳይ ከኩባንያው ጋር ይጨርሱት” አልን። ሌላችን ደግሞ፣ “ዝም ብንልና ብንከፍልላቸውስ?” አልን። አቅማችን ግን አይፈቅድም። ቢፈቅድም ዝምታው ውሸቱን ያኖረዋል፤ ከእኛ በኋላ የሚገባውም ተከራይ በተመሳሳይ ጉድጓድ ይወድቃል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚዛንና የስፍርን ማጭበርበር የምታወግዝ ናት፤ ቆጣሪም የዘመናችን ሚዛን ነው። የተዛባ ሚዛን ደግሞ የሚስተካከለው ሲነገር እንጂ ሲሸፈን አይደለም። እንግዲያው የቀረው ጥያቄ እንዴት ይነገር የሚለው ነበር።

በወንድማችን ላይ የሆነው ትኩስ ስለነበር መልሱ ሩቅ አልሆነም። ስለ ሰው ከመጻፍ በፊት ሰውየውን ማነጋገር። በማግስቱ እሑድ፣ ትኩስ ዳቦ ይዘን የእማማን በር አንኳኳን። ሻይ አፈሉልን። ነገሩን በዝግታ አስረዳናቸው። ተነሥተው ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደረሰኞቻቸውን አወጡ። “እኔ እኮ ሰው ሁሉ መብራት ተወደደ ሲል ይገርመኝ ነበር፤ የእኔ ሁልጊዜ ትንሽ ነው” አሉ። በቤታቸው ያለው በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ከሁለት ክረምት ጀምሮ ተበላሽቷል። አከራዩን ላለማስቸገር ብለው፣ መብራቱም ርካሽ መስሏቸው፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ይሞቁ ነበር። የተሳሳተው ቆጣሪ እኛን ሲያስጨንቅ እርሳቸውን ሸንግሏቸዋል። ጥፋታቸው የመጣላቸውን ወረቀት ማመናቸው ብቻ ነው።

ነገሩ ሲገባቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠ። “ይህን ሁሉ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?” አሉ። “አብረን እንጠይቃለን፤ ብቻዎን አይሆኑም” አልናቸው።

ሁለት ደብዳቤ

በዚያው ሳምንት አብረን ወደ ሲቲዝንስ አድቫይስ ሄድን። ይህ በብሪታንያ ለማንኛውም ነዋሪ ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ነው። ከዚያ ያወቅነው እነሆ። አንደኛ፣ ኦፍጌም የተባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2018 ጀምሮ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በትክክል ሒሳብ ላልተጠየቀ ደንበኛ ስሕተቱ የእርሱ ካልሆነ ኩባንያው ከ12 ወር በላይ ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ ዕዳ ሲኖር የደንበኛው አቅም ታይቶ ከፋፍሎ እንዲከፍል መፍቀድ የኩባንያው ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ በ2023 በነበረው አሠራር፣ አቤቱታ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በስምንት ሳምንት ካልተፈታ ጉዳዩን ወደ ኢነርጂ እንባ ጠባቂ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ክፍያ የለውም፤ ደንበኛው ውሳኔውን ከተቀበለ ኩባንያውም ይገደድበታል።

ጃንዋሪ 18 ቀን ሁለት ደብዳቤ ጻፍን፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው እማማ አንብበው የፈረሙበት። በእኛ ደብዳቤ ውስጥ ስድብም ልመናም አላስገባንም። ቀኑን፣ የሁለቱን ቆጣሪዎች ቁጥር፣ ዋናውን አጥፍተን ያየነውን ብልጭታና የምንጠይቀውን ነገር ብቻ ጻፍን። የምንጠይቀውም ባለሙያ መጥቶ እንዲያይና የሁለቱም ቤት ሒሳብ በአንድ ላይ እንዲታረም ነበር። ጎረቤታችን በስሕተቱ እጃቸው እንደሌለበትም ጨመርን። እስኪጣራ ድረስ ይገባናል ብለን በግምት ያሰብነውን 70 ፓውንድ ከፈልን። የደብዳቤዎቹንም ቅጂ አስቀመጥን።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ “ደርሶናል” የሚል መልስ መጣ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም እንዳልተጻጻፍን ሁሉ ዕዳችሁን ክፈሉ የሚል ማስጠንቀቂያ። ተናደን ልንደውል ስንል የመጀመሪያውን ማታ አስታወስንና የደብዳቤውን ቅጂና ቀን ጠቅሰን በጽሑፍ መለስን። ማርች 2 ቀን ባለሙያው መጣ። እኛ በሳምንት ያገኘነውን በአሥር ደቂቃ አረጋገጠ።

ማርች 10 ቀን የታረመው ሒሳብ ደረሰ። የእኛ ፍጆታ በሦስቱ ወራት 640 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሒሳቡ 259 ፓውንድ ከ92 ፔንስ፣ ድጎማው ሲቀነስ 60 ፓውንድ ከ92 ፔንስ። 70 ፓውንድ ከፍለን ስለነበር 9 ፓውንድ ከ8 ፔንስ ተረፈን። በእማማ ላይ ቀድሞ የከፈሉት ታስቦ 632 ፓውንድ ከ40 ፔንስ መጣ። ኩባንያው ስሕተቱ የእርሳቸው አለመሆኑን አምኖ ግማሹን ሰረዘላቸው፤ ከኦክቶበር በፊት ስላለውም ጊዜ ምንም እንደማይጠይቅ ጻፈ። የቀረው 316 ፓውንድ ከ20 ፔንስ በ12 ወር ተከፋፍሎ በወር 26 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ሆነ። የመጀመሪያውን ወር እኛ እንክፈል ብንላቸው፣ “የሞቅሁት እኔ ነኝ፤ የምከፍለውም እኔ ነኝ” ብለው ሳቁ። በእንግሊዝ ሕግ የቤት ማሞቂያን የማደስ ግዴታ የአከራዩ ስለሆነ፣ እርሱንም በደብዳቤ ጠይቀን የጋዝ ማሞቂያቸው ተሠራላቸው።

ከዚህ ምን ተማርን?

በባዕድ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት ስትገቡ በመጀመሪያው ቀን የቆጣሪውን ቁጥርና አኃዝ ጽፋችሁ ፎቶ አንሡ። በመሰላል ወይም በደረጃ ሥር የተለጠፈን ወረቀት አትመኑ፤ ዋናውን አጥፍታችሁ የትኛው ቆጣሪ እንደሚቆም እዩ። የሚያስደነግጥ ሒሳብ ሲመጣ ከመደወላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንብቡ። አቤቱታችሁንም በጽሑፍ፣ ከነቀኑ አድርጉ። ሐቅን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ዕዳን ጥሎ መጥፋት ግን ነውር ነው፤ የገንዘቡ ባለቤት ማንም ይሁን ማን።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ትምህርት ነው። ከባዱ የቤቱ ነው። ችግር ወደ ቤት ሲገባ ጣት የሚጠቆመው አብዛኛውን ጊዜ በጥፋተኛው ላይ ሳይሆን ለመጠቆም በሚቀርበው ላይ ነው፤ በታናሹ፣ በተጠጊው፣ አፉን ሞልቶ መመለስ በማይችለው ላይ። ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፣ ኩባንያው ሳይለካ ቢያስከፍለን ስምንት ሳምንት የምንከራከር ሰዎች፣ እኛ ሳንለካ ያስከፈልነው ሰው ለማን አቤት ይላል?

በዚያ ዓመት ረመዷን የገባው ማርች 23 ቀን ነበር። ወንድማችን ከዚያ ቀደም ብሎ ቦርሳውን ይዞ ተመልሶ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ለሱሑር ስንነሣ፣ እርሱ ከእኛ ቀድሞ ተነሥቶ ሻይ አፍልቷል፤ የኮሪደሩን መብራት ግን እንደ ልማዱ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። “ተወው፣ ይብራ” አልነው። ዞር ብሎ አየንና እጁን መለሰ። ሁላችንም በብርሃን ተቀምጠን በላን።

አላህ ሐቅን የምንጠይቅ ብቻ ሳይሆን ሐቅን የምንሰጥም ያድርገን። ኣሚን።